አንድ ገጽ ለአንዲት እናት

መርዶ የሚነገረው ሳይነጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳጉሬ፣ አንድ ካህን፣ አንድ የዕድር ዳኛና ጥቂት የሥጋ ዘመዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንዲት ባልቴት ደጃፍ ቆሙ። ውርጩ ሳሩን አንጥቶታል። ሞቱ ከተሰማ ቀናት አልፈዋል፤ ከአሰላ እስከ ሳጉሬ ያልሰማ ዘመድ የለም። ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስልካቸውን «ተበላሽቷል፣ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» ብላ ደብቃባቸዋለች፤ ቡና ሊጠጣ የሚመጣውንም ጎረቤት በር ላይ እየጠበቀች ነገር እንዳያመልጠው አስጠንቅቃዋለች።

«ቤቶች!» ሲባሉ አልጮኹም ይላሉ ይህን ያጫወቱኝ የዕድር ዳኛ። በሩን ሳይከፍቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «የትኛው ነው?» አሜሪካ እህት፣ ቤይሩት የልጅ ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ወንድ ልጅ አላቸው። በዚያ ሰዓት ካህን አስከትሎ የመጣ ሰው ከሦስቱ የአንዱን ስም እንደያዘ ገብቷቸዋል። እህትዎ ናቸው ሲባሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

ሟቿ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ በልጃቸው ቤት ያረፉ የ74 ዓመት እናት ናቸው። ቤተሰቡ ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ ስላልፈለገ ሰፈሩ በሚጠራቸው ስም እጠራቸዋለሁ። አሰላ ውስጥ በኖሩበት ቀበሌ ትልቁም ትንሹም «ባለወተቷ» ነው የሚላቸው፤ ከሄዱ 16 ዓመት ሆኗቸውም ስሙ አልተነሣባቸውም።

የት ይቀበሩ የሚለው ጉዳይ ቤተሰቡን ለሁለት ከፍሎት ነበር። የበኩር ልጃቸው እዚያው አሜሪካ ቢቀበሩ የልጅ ልጆቻቸው መቃብራቸውን ይጎበኛሉ አለ። አሰላ ያሉት ደግሞ የሰው አገር አፈር ይከብዳቸዋል አሉ። እናትየው ራሳቸው ለሁለቱም ወገን የሚሆን ቃል ትተዋል፦ ለልጃቸው «እዚሁ ቅበሩኝ፣ ወጪ አይብዛባችሁ»፤ ለነፍስ አባታቸው በስልክ «ከባለቤቴ ጎን»። እናት ለልጇ የምትናገረውና ለነፍስ አባቷ የምትናገረው ሲለያይ የትኛውን ማመን እንደሚገባ ማንም አልተከራከረም፤ ወደ አሰላ ሊያመጧቸው ወሰኑ።

አስከሬን ከአሜሪካ ማምጣት ከሐዘኑ በፊት የወረቀት ሥራ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ አስከሬኑ በመድኃኒት መጠበቁንና ተላላፊ በሽታ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤም፣ የሟች ፓስፖርትም፣ የኤምባሲ ፈቃድም። ከዚያ አየር በማያስገባ ሣጥን ታሽጎ በጭነት ክፍል ይሳፈራል። ወጪው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር በመሆኑ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለዚሁ ብለው ዕድር አላቸው፤ ዕድር ያልገባው ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ጎፈንድሚ በሚባለው ድረ ገጽ መዋጮ ይከፍታሉ።

ነገሩን እንደ ዘመን አመጣሽ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ዕድር ድሮም የስደተኛ ሥራ ነው እላለሁ። በገጠር የተወለደበት አምባ ላይ የሚኖር ሰው ቀባሪ አያጣም፤ ዘሩም ጎረቤቱም ያው ነው። ዕድር የተስፋፋው ከተሞቻችን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲያድጉ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው «እኔን ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ሲጨነቅ ነው። ጉራጌው፣ መንዜው፣ ቡልጌው፣ አርሲው በአንድ ሰፈር ተገናኝቶ በየወሩ ሳንቲም እያዋጣ ድንኳን ገዛ፣ ጡሩምባ ነፊ ቀጠረ። የሲልቨር ስፕሪንግ ዕድርተኛ የሚያደርገው አሰላ ሲቆረቆር አያቶቹ ያደረጉትን ነው።

የባለወተቷም ዘር እንዲሁ መጤ ነው። አያታቸው ከቡልጋ የመጡ ናቸው። ምኒልክ በ1870ዎቹ በአርሲ ላይ ለዓመታት ካካሄዱት ዘመቻ በኋላ ከሸዋ ወታደሩም መሬት ፈላጊው ገበሬም ወደዚህ ደጋ ጎርፏል። ለመጡት የእንጀራ አገር ነበር፤ መሬታቸው ለተወሰደባቸው ለአርሲዎቹ ደግሞ የጭሰኝነት መጀመሪያ። በዚህ ታሪክ ላይ ዛሬም አንድ ቋንቋ የለንም። በባለወተቷ ለቅሶ ግን የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች በአንድ ድንኳን ተቀምጠው አይቻለሁ፤ እመለስበታለሁ።

አስከሬኑ ጥር ላይ ቦሌ ደረሰ። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፍጥነት መንገዱ አዳማ ላይ ያልቅና መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ሽቅብ ይጀመራል፦ ዴራ፣ ኢተያ፣ ጎንዴ፣ ቁሉምሳ። ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚወጣ ሰው መስኮት ዘግቶ ጋቢ ይፈልጋል። ኮምባይነሮቹ ስንዴውን አጭደው ጨርሰው ገለባው ብቻ በየማሳው ወርቅ መስሎ ተኝቷል። ከኋላ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጭላሎ ደመናውን ተከናንቦ ቆሟል። ከሬሳ መኪናው ፊት የሠርግ መኪኖች ክላክስ እየነፉ ያልፋሉ፤ ጥር ነውና። ሹፌሮቻቸው ግን ጥቁር ሪባኑን ሲያዩ ድምፃቸውን አጠፉ።

በቀብሩ ዋዜማ ምሽት የሟች ቤት ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የተሰመረ ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት በሕዝብ ፊት የሚነበበው አንድ ገጽ ማለቴ ነው። የማንም ኢትዮጵያዊ ጆሮ ያውቀዋል፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለጋብቻ ሲደርስ ከእገሌ ጋር ተጋብተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሲታከሙ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ ገጽ ከየት መጣ? በፊት ሥራው የሙሾ አውራጅ ነበር። ደህና ሙሾ አውራጅ የሟችን አባት፣ አያት፣ የፈረስ ስም፣ የዋለበትን፣ የከዳውንም ሳይቀር በግጥም ታወጣዋለች፤ ሰው ደረቱን እየመታ ይቀበላል። ቀባሪው የሚያለቅሰው በሟች ሞት ብቻ ሳይሆን በሰማው ታሪክ ነው። ከተማው ሲሰፋ፣ ጸሐፊና አስተማሪ ሲበዛ፣ ሙሾው ኋላ ቀር ተባለና ወረቀቱ ተተካ። ወረቀቱ ደግሞ የወጣው ከመሥሪያ ቤት ነው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይመስላል። ለአባት ይመቻል፦ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በግምጃ ቤት ሠራተኛነት፣ ቀጥሎ በክፍል ኃላፊነት፣ በመጨረሻ በጡረታ። ለእናት ሲሆን «የቤት እመቤት ነበሩ» ከሚለው ላይ ቀለሙ ያልቅበትና ወደ ልጆቿ ይሻገራል፤ አንዱ ዶክተር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ነጋዴ እያለ። በእናት ስም የልጆች ሹመት ይነበባል። ይህን ስል መምህሩ ተቆጡ። «ታዲያ ምን ልጻፍ? የሚነግረኝ የለም። ልጆቹን ስጠይቅ ‹እማዬ በጣም ደግ ነበረች› ይሉኛል። ደግነት ዓመተ ምሕረት የለውም» አሉኝ።

ያን ምሽት ግን የሚነግራቸው አላጡም። በአንድ በኩል ሬሳውን አጅባ የመጣችው ልጅ፣ በሌላው ከሳጉሬ የመጡት ታላቅ እህት፣ በር ሥር ደግሞ የአጥር ጎረቤት የሆኑት ሙስሊም እናት ተቀምጠዋል፤ ሰፈሩ «አዴ» ይላቸዋል። የሜሪላንዱ ልጅ በዋትስአፕ ድምፁ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ክርክሩ የጀመረው ከልደት ነው። ፓስፖርታቸው፣ እንደ ብዙ ሐበሻ እናት ፓስፖርት፣ «ጃንዋሪ 1» ይላል። ታላቅ እህት ሳቁ። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በሐምሌ ጭቃ ነው የተወለደችው፤ እኔ ጥጃ ስጠብቅ ጠሩኝ» አሉ። መምህሩ ከራሳቸው ጋር ተሟግተው 1942 ብለው ጻፉ። ቦታውስ? ያኔ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ዞን። አንዲት ጎጆ አልተንቀሳቀሰችም፣ አድራሻዋ ሁለቴ ተለወጠ። «በአርሲ» ብለው አለፉት። የልጆች ቁጥር ላይ ደግሞ ዋትስአፑ «አምስት» ሲል ታላቅ እህት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ሰባት ነው የወለደችው! ሁለቱን በኩፍኝ ቀብራለች።» ልጅየዋ እናቷን ዞር ብላ የምታያቸው ይመስል ወደ ፎቶው ተመለከተች። ከሁለቱ ስለ አንደኛው ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። መምህሩ አምስቱን ሰርዘው ሰባት አደረጉት።

«የትዳር ሁኔታ» ወደሚለው ደረሱ። ባለቤታቸው የካዱ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ካዱ፣ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥትና በስዊድን እርዳታ ተቋቁሞ አሰላን የቀየረ ድርጅት ነው። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለች ላም፣ ሁሉም የመጣው በሱ ነው። ችግሩ፣ ስንዴው ሲያተርፍና ትራክተሩ ሲበዛ ባለመሬቱ ጭሰኛውን እያስነሣ ራሱ ማረስ ጀመረ። ስዊድኖቹ ለድሃው ገበሬ ያሰቡት ብዙውን ጭሰኛ ነቀለው፤ መሬት ላራሹ የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 1967 ነው። አዴ አባታቸው በዚያ ዘመን ከማሳቸው ተነሥተው ወደ ከተማ የገቡ ናቸው። ይህን የተናገሩት ማንንም ሳይወቅሱ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወሩ ሆነው ነው። «ያኔ ነው ከተማ የገባነው። እሷም በዚያው ሰሞን ሙሽራ ሆና መጣች» አሉ፣ በቃ።

ከዚያ መምህሩ ብዕራቸውን አንሥተው «የቤት እመቤት» ሊሉ ሲሉ አዴ አቋረጧቸው። «ማን ናት የቤት እመቤት?»

ባለወተቷ ባላቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሞቱ የቀራቸው አንዲት ዲቃላ ላም ነበረች፤ አሰላ «የፈረንጅ ላም» የሚላት ዓይነት። ሌሊት 10 ሰዓት ይነሣሉ። መጀመሪያ ማለቢያውን በግራዋ ቅጠል ይፈትጉታል፣ በውኃ ያለቀልቁታል፣ ከዚያ የወይራ ፍም አስገብተው አፉን ከድነው ያጥኑታል። ጡቱን በለብታ ውኃ አጥበው ሲያልቡ ላሟን የሚያናግሯት በኦሮምኛ ነው። ጸሎታቸው በአማርኛ፣ ግብይታቸው በሁለቱም፣ ላሚቱ ግን ሌላ ቋንቋ አትሰማም ነበር ይባላል። መኖው ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ፣ ከብቅል ፋብሪካው ደግሞ ተረፈ ምርት ነው። ሂሳባቸው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መደዳ፣ ለእያንዳንዱ ጣሳ አንድ የከሰል ጭረት። ወር ሲሞላ የከፈለውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ያልከፈለው ይቆያል። አዴ እንደሚሉት አንዳንዱን ባይከፍልም ጠርገውለታል፤ ሕፃን ያለበትን ቤት።

ከሁሉ የገረመኝ የጾሙ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክርስቲያን ወተት አይቀምስም፤ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ። ላም ግን አትጾምም። ያለ ሙስሊም ደንበኛ በአርሲ ከተሞች ክርስቲያን የወተት ነጋዴ አይቆምም፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ለማፍጠሪያ ወተት ፈላጊው ይበዛል። የወተቱ ገበያ በሁለት የጾም ቀን መቁጠሪያ ነው የሚመራው፣ ባለወተቷም ሁለቱንም በቃላቸው ያውቃሉ። በሁዳዴ የተረፈውን አርግተው ይንጡታል፣ ቅቤውን ለፋሲካ ያቆዩታል። እሳቸው አንድ ጠብታ ሳይቀምሱ በየማለዳው ለሌላው ሰው እያጠኑ ማደላቸው ለእኔ ከማንኛውም ስብከት ይበልጥብኛል፤ ለነገሩ እሳቸው ስብከት ብለው አያውቁትም፣ እንጀራቸው ነው።

ማንበብ የተማሩት በ29 ዓመታቸው ነው። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በየቀበሌው ማታ ማታ እናቶች ፊደል ቆጠሩ፤ ዘመቻው በማግስቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ነው። የደርግ ዓላማ ሌላ ቢሆንም ብዙ እናት የተማረችውን ፊደል ይዛ የሄደችው በቀጥታ ወደ ውዳሴ ማርያም ነው። የባለወተቷ የምስክር ወረቀት ያን ምሽት ከሣጥን ወጥቶ በእጅ በእጅ ዞረ፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። መምህሩ ፊርማውን አዩና ዝም አሉ። የራሳቸው ፊርማ ነው። ያን ጊዜ ገና አዲስ አስተማሪ ነበሩ፤ ስንት ሰው እንዳስቆጠሩ አያስታውሱም። «ሁልጊዜ ወተት ወተት የምትሸት ሴት ከፊት ትቀመጥ ነበር» አሉ ቆይተው።

የአሜሪካው ምዕራፍ የሚጀምረው በዲቪ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የተፈጠረው የቪዛ ዕጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲወስድ ቆይቷል። የበኩር ልጃቸው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደረሰው። ዜጋ ሲሆን እናቱን ጠራ፤ ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ለወላጁ ሲያመለክት ወረፋ የለበትምና በ2001 ዓ.ም. ሄዱ። ላሟን ለአዴ ሰጡ። በሻንጣቸው በሶ በቅቤ የታሸ ጭኮ ነበረ፤ የአርሲ መንገደኛ ስንቅ ነው፣ ሳይበላሽ ይቆያል።

ስለዚያ ኑሮ የተናገረችው ልጅየዋ ናት። እሷና ወንድሟ ማታ ማታ ይሠራሉ፣ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ሕፃን ማዋያ ክፍያ ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል። እናታቸው በሁለት ቤት አራት የልጅ ልጆች አሳደጉ። ያ ጉልበት በገንዘብ ቢተመን ልጅየዋ የነርስነት ትምህርቷን የጨረሰችበት፣ አሰላ ያለው ቤት ጣሪያው የተቀየረበት ገንዘብ ነው። ወደ አገር ቤት የሚላክ ዶላር ሲቆጠር የላኪው ስም ይጻፋል፤ ላኪው ተረጋግቶ እንዲሠራ ልጁን አዝላ ያደረችው አያት ግን በየትኛውም የባንክ ወረቀት ላይ የለችም።

በመጀመሪያው ሳምንት የጋሎን ወተት ከፍተው አሸተቱትና፣ «የማን ላም ናት?» ብለው ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረው። ከዚያ ወዲህ ለቡና ካልሆነ አልጠጡትም።

እሑድ እሑድ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም ይሄዳሉ። አሰላ የነበሩበትን የማርያም ጽዋ አልተዉም፤ ተራቸው ሲደርስ ገንዘብ ይልኩና ወር በገባ በ21 አዴ ቤት ዳቦው ይጋገራል። አዎ፣ አዴ ቤት፤ የሙስሊም ቤት ምድጃ ለማርያም ጽዋ መዋሉ አሰላ ላይ ለወሬ አይበቃም። በየዓመቱም ይመጣሉ፣ ግን ከጥቂት ወራት በላይ አይቆዩም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከ1 ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ነዋሪነቱን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላልና «ካርዴ እንዳይቃጠል» ይላሉ። ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው የዜግነት ፈተናውን በገዛ ቋንቋው መፈተን ይችላል። 15ቱን ዓመት ሞልተው ነበር። «አንድ ጊዜ ተፈትኜ አልፌያለሁ» ብለው እንቢ አሉ፤ የመሠረተ ትምህርቱን ማለታቸው ነው።

አሰላ ታሪኳ በዓለም ፊት የታየላትን እናት ታውቃለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚሁ አካባቢ በ1965 ዓ.ም. ሲወለድ ከአሥር ልጆች አንዱ ነበር፤ እናቱን በልጅነቱ አጣ። ሌስሊ ዉድሄድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው «ኢንዱራንስ» በተባለው ፊልም፣ ወደ አትላንታ ኦሎምፒክ ድል ያደረሰው ሕይወቱ ሲታይ፣ እናቱን ሆና የተጫወተችው የገዛ እህቱ ናት። እናቷን ራሷ ሆና ለመሥራት የተሰጣት ልጅ ከዚያ ወዲያ እናቷን በሌላ ዓይን እንደምታይ አልጠራጠርም። ለዚያች እናት ግን ፊልም የተሠራላት ልጇ 10,000 ሜትር ስላሸነፈ ነው። ልጃቸው ያላሸነፈላቸው የጭላሎ እናቶች የሚቀርላቸው የመምህሩ ወረቀት ነው።

ጠዋት ካህኑ ለፍትሐቱ የክርስትና ስም ጠየቁ። ልጆቹ ተያዩ። ሜሪላንድ ተደወለ፤ እዚያም የለም። «ወለተ...» ብለው ቀሩ። ከወዲያ ጥግ ነጠላቸውን የተከናነቡት የሳጉሬዋ እህት ስሙን አወጡት። እሳቸው ቀድመው ሄደው ቢሆን ኖሮ ባለወተቷ በቤተ ክርስቲያን ስማቸው አይጠሩም ነበር።

ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአርሲ አንዳንድ ወረዳዎች በሃይማኖትና በብሔር ስም ደም ፈሷል፣ ቤት ተቃጥሏል። የሜሪላንዱ ልጅ እናቱን አሰላ ለማምጣት ሲያመነታ የፈራው ወጪውን ብቻ አልነበረም። ይህን ሳልጽፍ ስለ ድንኳኑ ብቻ ብጽፍ መዋሸት ይሆንብኛል። ድንኳኑ ግን ይህ ነው፦ ሣጥኑን ከመኪናው ካወረዱት መካከል የአዴ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ንፍሮው የተቀቀለው በሁለቱም ቤት ነው፤ ለአርባው ሁለት በሬ ታስቧል፣ አንዱ በሙስሊም ቢላ የሚታረድ። ከተማው ሰላም ነው ለማለት አልጠቅሰውም። በዚያ ሰፈር ግን እንዲህ ሆኗል።

መምህሩ ያነበቡት ወረቀት ከወትሮው ረዘመ። በየዓመቱ የሚሰሙትን ዓይነት የጠበቁ ሰዎች «ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ለ22 ዓመታት በወተት ንግድ ሥራ ተሰማርተው» ሲባል ቀና አሉ። «በሰሜን አሜሪካ አራት የልጅ ልጆቻቸውን በማሳደግ ለ16 ዓመታት አገልግለዋል» ሲባል ልጅየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ደግ» የሚለው ቃል አልነበረበትም፤ የግድግዳው የከሰል ጭረት ነበረ፣ ያልከፈሉት ሰዎች ዕዳ መጠረጉም ነበረ። አንዳንድ ቀባሪ አንገቱን ደፋ። ዕዳው የማን እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት መታሰቢያው በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ ከዚያም በመንፈቅና በሙት ዓመት ይደረጋል። ቤተሰቡ ለአርባው ካሰበው ወጪ ግማሹን ቀንሶ ለሰፈሩ ችግረኛ ሕፃናት ወተት ለመግዛት ተስማምቷል። ተዝካር ድሮም ለድሃ ነበር የተሠራው፤ ለባለመኪና እንግዳ የሚታረደው በሬ ኋላ የመጣ ነው።

መምህሩ አሁን አንድ ልማድ ጀምረዋል። ዕድሩ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሲሰበሰብ፣ ከመዋጮው በኋላ፣ ከእናቶቹ አንዷን አስቀርተው ይጠይቃሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ «ሳልሞት?» ብለው ሸሽተዋቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ጀምረው ማቆም አቅቷቸዋል።

እናትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው። የክርስትና ስማቸውን፣ የክርስትና እናታቸውን፣ ስንት ልጅ ወልደው ስንቱን እንደቀበሩ፣ የመጀመሪያ ገንዘባቸውን በምን እንዳገኙ ይጠይቁና ይጻፉት። ሜሪላንድም ይሁኑ ሳጉሬ ስልኩ ያገኛቸዋል። ጸሐፊው ዋዜማው ላይ ሲመጣ የሚሰጡት ወረቀት ይኑርዎ።